ዕጣው ከመውጣቱ በፊት
በዋሽንግተን ዲሲ ለሕጻናት ወላጆች የቀረበ ዲስኩር

የቅዳሜ ከሰዓት ሺፍታችሁን አስቀይራችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እገባለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

የሦስት ዓመት ልጅ ያለው የዲሲ ቤተሰብ በዚህ ወቅት የሚያወራው አንድ ነገር ነው። ከቅዳሴ መልስም፣ ቡና ላይም፣ የእድር ስብሰባ ሲበተንም «የትኛውን ቻርተር ሞላችሁ?» ይባላል። ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ አምስት ስድስት ስሞች አሉ። ስሙን የሚጠራው ሰው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ግቢ ረግጦ አያውቅም፤ እሱም ከሌላ ሰምቶ ነው። ዝርዝሩ ግን ከቤት ቤት እየተገለበጠ ሄዶ በመጨረሻ ማመልከቻው ላይ ይሰፍራል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን ጻፉ። ትምህርት ቤቶቹን ልባችሁ በሚፈልገው ቅደም ተከተል ደርድሩ። ቅደም ተከተሉን በወሬ ሳይሆን በዓይናችሁ ባያችሁት ላይ አቁሙት። ቤታችሁ ውስጥ የሚነገረውንም ቋንቋ ሳትደብቁ ሙሉ። እውነት መናገር መልካም ጠባይ ስለሆነ ብቻ አይደለም ይህን የምለው። የዚህ ከተማ አሠራር እውነቱን የጻፈውን ወላጅ እንዲጠቅም ሆኖ የተሠራ ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶቹ ምንነት ጥቂት ልበል። ቻርተር ትምህርት ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ገንዘቡ ከግብር ከፋዩ ይመጣል፤ ወላጅን አያስከፍልም፤ ሕጻን ፈትኖ አይቀበልም። ልዩነቱ አስተዳደሩ ላይ ነው። የራሱ ቦርድ አለው፣ መምህራኑን ራሱ ይቀጥራል፣ የማስተማሪያ ዘዴውንም ራሱ ይመርጣል። በ1988 የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው አልበርት ሻንከር መምህራን አዲስ አሠራር የሚሞክሩባቸው ትምህርት ቤቶች ይኑሩ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እዚሁ ዋሽንግተን ባደረገው ንግግር ነበር። ሚኒሶታ በ1991 የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ በዓመቱ ሴንት ፖል ከተማ ላይ የመጀመሪያው ቻርተር ተከፈተ። ለዲሲ ሕጉን ኮንግረስ ያጸደቀው በ1996 ነው። ዛሬ በዚህች ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት በቻርተር ውስጥ ናቸው።

በ2008 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በነጻ የሚማሩበትን ዕድል የሚያሰፋ ሕግ አወጣ። እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ለፕሪኬ 3፣ አራት የሞላው ለፕሪኬ 4 ማመልከት ይችላል። ለዴይኬር በየወሩ የምትከፍሉትን የምታውቁ ወላጆች ይህ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም። ነገር ግን አንድ ልብ የሚባል ጉዳይ አለ። ልጁ ለኪንደርጋርተን ሲደርስ በአድራሻው የሚመደብለት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሊቀበለው ግዴታ አለበት። ለፕሪኬ ግን እንዲህ ያለ ጠቅላላ መብት የለም፤ ቦታው በዕጣ ይከፋፈላል። የእናቶች እንቅልፍ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕጣው የሚወጣው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ነው። ከ2014 በፊት ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዕጣቸውን ለየብቻ ያወጡ ስለነበር ወላጅ በየበሩ ሲዞር ይከርም ነበር። አሁን በአንድ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት ድረስ በቅደም ተከተል መሙላት ይቻላል። ማመልከቻው በዲሴምበር ተከፍቶ ለትንንሾቹ ልጆች በማርች መጀመሪያ ይዘጋል። ከመዝጊያው ቀን በፊት እስከ ሆነ ድረስ ቀድሞ የሞላም ዘግይቶ የሞላም እኩል ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚሞላ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱ ከሞሉት ኋላ ይሰለፋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁትን ምክር ላንሳ። «አንቺ፣ እሱን አንደኛ አታድርጊው! ሰው ሁሉ የሚሞላው እሱን ነው፤ ዕድልሽን ታቃጥያለሽ። ይልቅ የሚገኘውን አስቀድሚ» ይባላል። ይህ ምክር ከባዶ አልተነሣም፤ በሌላ ከተማ በሌላ ጊዜ እውነት ነበር። ቦስተን እስከ 2005 ድረስ በነበራት አሠራር ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የሚያስተናግደው አንደኛ ያደረጉትን ብቻ ነበር። ተፈላጊውን አንደኛ አድርጎ ያጣ ወላጅ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ሲዞር ቦታው አንደኛ ባደረጉት ሰዎች ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አሠራሩ የገባው ወላጅ የልቡን ደብቆ በስሌት ይሞላ ነበር። ያልገባው ደግሞ የልቡን ጽፎ ይጎዳ ነበር። አልቪን ሮትን፣ አቲላ አብዱልቃድርኦግሉን፣ ፓራግ ፓታክንና ታይፉን ሶንሜዝን የመሳሰሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ጉድለት በጥናት ስላሳዩ ቦስተን አሠራሯን ለወጠች። የተተካው ስሌት መሠረቱ ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ በ1962 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሻፕሊና ሮት በዚህ ዘርፍ ሥራቸው በ2012 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዲሲም የሚጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ስሌት ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት እናት ትምህርት ቤት ሀን አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ለን ሁለተኛ አድርጋ ሞላች እንበል። ለልጇ የወጣው ቁጥር 40 ነው። ሌላ አባት ደግሞ ለን አንደኛ አደረገ፤ የልጁ ቁጥር 60 ነው። ትምህርት ቤት ሀ የተሻለ ቁጥር ባላቸው ልጆች ሞላ፤ የእናትየዋ ልጅ አልገባችም። ኮምፒውተሩ ወዲያው ወደ ሁለተኛ ምርጫዋ ወደ ለ ይወስዳታል። እዚያ የመጨረሻው ወንበር ለአባትየው ልጅ ተይዟል፤ አያያዙ ግን ጊዜያዊ ነው። የእሷ ቁጥር አነስ ያለ፣ ማለትም የተሻለ ስለሆነ ወንበሩ ለእሷ ይሆናል፤ የአባትየው ልጅ ወደ ቀጣዩ ምርጫው ያልፋል። እናትየዋ ለን ሁለተኛ በማድረጓ ያጣችው ነገር የለም። የሁሉም ልጅ ዝርዝር ተጠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ወንበር አይጸናም።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። ያቺው እናት ምክሩን ሰምታ ለን አንደኛ ብታደርግ ኖሮ ለ ይደርሳትና ስሌቱ እዚያው ያበቃል። የምትጓጓለት ሀ ስሟን እንኳ አይመለከትም፤ በተጠባባቂም አይመዘግባትም። ምክንያቱም አንድ ልጅ በተጠባባቂነት የሚያዘው ከደረሰው ትምህርት ቤት በላይ ባስቀመጣቸው ብቻ ነው፤ በታች ካሉት ይሰረዛል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ የልባችሁን አንደኛ አድርጉ። የማትልኩበትን ትምህርት ቤት ደግሞ ለመሙያ ብላችሁ አትጻፉ፤ ሊደርሳችሁ ይችላል።

ቅድሚያ የሚያሰጡ ነገሮችም አሉ። ወንድም ወይም እህት ቀድሞ የገባበት ትምህርት ቤት ለታናሹ ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ ለበኩር ልጃችሁ የምትመርጡት ለተከታዩም ጭምር እንደሆነ አስቡ። የሰፈር ትምህርት ቤት በክልሉ ለሚኖሩ ያደላል፤ በቻርተር ግን በአጠቃላይ ብራይትዉድ የሚኖረውም አናኮስቲያ የሚኖረውም እኩል ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፉድ ስታምፕ ለሚያገኝ ቤተሰብ፣ ቤት አጥቶ በመጠለያ ለሚኖር፣ በአሳዳጊ እጅ ላለ ልጅ የተለየ ዕድል አዘጋጅተዋል። ከእኛ መካከል ይህን ለመግለጽ የሚያፍር አለ። እባካችሁ አትሸማቀቁ፤ ዕድሉ የልጁ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የልባችንን እንጻፍ ካልን ልባችን በምን ይወስን? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። የጎረቤት ልጅ የተመቸው ትምህርት ቤት ለእናንተ ልጅ ላይመች ይችላል።

በመጀመሪያ «ቻርተር» የሚለው ስም ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሬዶ በ2009 ባወጣው ጥናት በሒሳብ ከተወዳዳሪ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተሻሉ ሆነው የተገኙት ቻርተሮች 17 በመቶ፣ ያነሱት 37 በመቶ ነበሩ፤ የቀሩት ልዩነት አልታየባቸውም። ያው ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ቻርተሮች በአማካይ ተሻሽለው ተገኝተዋል። አማካይ ግን የእናንተን ልጅ አያስተምርም፤ ልጃችሁ የሚገባው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት መምህርት ዘንድ ነው።

የፈተና ውጤትም በዚህ ዕድሜ ብዙ አይነግራችሁም። የከተማው ፈተና የሚጀምረው ከሦስተኛ ክፍል ነው። የምታዩት ቁጥር የስምንት ዓመት ልጆችና የታላላቆቻቸው ነው እንጂ የሦስት ዓመት ልጅ ጠዋት ሲያለቅስ ማን እንደሚያቅፈው አይገልጽም። ለቅድመ መደበኛ ክፍሎች ክላስ የሚባል ሌላ መለኪያ አለ። የሠለጠነ ታዛቢ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሦስት ነገር ያያል፤ በመምህርና በልጅ መካከል ያለውን ፍቅር፣ የክፍሉን ሥርዓት፣ የመምህርቷ ንግግር የልጁን አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚያሰፋ። ከ1 እስከ 7 ይሰጣል። ብዙ ክፍሎች ዝቅ የሚሉት በሦስተኛው ነው።

ይህን ሦስተኛ ነገር እኔ በየቀኑ ስለማየው በቅርበት ላሳያችሁ። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ የእንጨት ኩብ ትደረድራለች። ትልቁን ከላይ አድርጋዋለች፤ ሁሉም ይፈርሳል። ፊቷ ይጨማደዳል። አንዲት መምህርት «አይዞሽ፣ ጎበዝ!» ብላ ታልፋለች። ደግ ናት፤ ነገሩ ግን እዚያው ያበቃል። ሌላዋ ወርዳ አጠገቧ ትቀመጥና «ለምን የወደቀ ይመስልሻል?» ትላታለች። ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልጅቷ ትልቁን ኩብ ታነሳለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ከታች ታስቀምጠዋለች። «ይሄ ይከብዳል» ትላለች። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ልጅቷ ራሷ አሰበች፣ ምክንያት ሰጠች፣ አዲስ ቃል በቦታው ተጠቀመች። በሦስት ዓመት ትምህርት ማለት ይህ ነው። ሁለቱም መምህራን ሥዕሉ ባማረ፣ ስሙ በገነነ ሕንፃ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የትኛዋ እንዳለች የምታውቁት ገብታችሁ ስታዩ ነው።

ስለዚህ የጉብኝት ቀን ሲጠሩ ሂዱ። ግድግዳውን እዩ። የተለጠፉት ሥዕሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ የሠራቸው የመምህርቷ እጅ ነው፤ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ከሆነ ግን የልጆቹ ነው። መምህራኑ ከልጅ ጋር ሲያወሩ ጎንበስ ይላሉ ወይስ ከላይ ይጣራሉ? ጠይቁም፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ባለፈው ዓመት ስንት መምህራን ለቀቁ? ልጅ ሲማታ ምን ታደርጋላችሁ? ልጆቹ ውጪ ወጥተው የሚጫወቱት በቀን ስንት ጊዜ ነው? አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዚያ መንገዱን ቁጠሩ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚያመላልስ አውቶቡስ የላቸውም። ለአንድ ቀን ጉብኝት ቅርብ የመሰለ ቦታ በየካቲት ብርድ በየማለዳው ሲሆን ሌላ ነው። ሌሊት ሠርታ የምትገባ እናት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ልጅ ካደረሰች መቼ ትተኛለች? ትምህርት ሲያልቅስ ሺፍታችሁ አልቋል? አፍተርኬር አለ ወይ? ቦታስ ይገኛል? በሁለተኛ ደረጃ የጻፋችሁት፣ ግን በእግር የሚደረስ፣ አባት ጠዋት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ከመምህሯ ጋር የሚያወራበት ትምህርት ቤት ለእናንተ አንደኛው ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን ስታስተካክሉ ይህን አትናቁ።

ዘለቄታውንም እዩ። አፕልትሪን የመሰለ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ፕሪኬ 3ንና ፕሪኬ 4ን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለኪንደርጋርተን ሌላ ምርጫ ይጠብቃችኋል። በሌላ በኩል እንደ ዩ ዪንግ፣ ስቶክስ፣ ላምብ፣ ሙንዶ ቬርዴና ዲሲ ባይሊንጓል ያሉት የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በ2014 ወደ ተከፈተው የመካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ዲሲ ኢንተርናሽናል፣ እንዲያልፉ መንገድ አበጅተዋል። የትምህርት ቤቱን ጤንነትም መርምሩ። ቻርተር ለ15 ዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ የከተማው የቻርተር ቦርድ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይመረምረዋል። በኦገስት 2024 ኢግል አካዳሚ ገንዘብ አጥሮት ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተዘጋ፤ ወላጆች በጥድፊያ ሌላ ቦታ ፈለጉ። የቦርዱ ግምገማዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ የገንዘብ አያያዙን ክፍል አስነብባችሁ ስሙ።

ሦስተኛው እውነት የቋንቋ ነው፤ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ይመስለኛል። ልጃችሁን ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። ብዙ ወላጆቻችን አማርኛ እያወሩ «እንግሊዝኛ» ብለው ይሞላሉ። ልጄ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ለብቻ ይለዩታል ብለው ይፈራሉ። ነገሩ ሌላ ነው። አማርኛ ብላችሁ ስትሞሉ ትምህርት ቤቱ የልጁን እንግሊዝኛ ይመዝናል፤ ድጋፍ ካስፈለገው ሊሰጠው ግዴታ አለበት። ለዚያም የከተማው የበጀት ቀመር ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ይመድባል። «እንግሊዝኛ» ብላችሁ ስትሞሉ ለልጃችሁ የተመደበውን እርዳታ በገዛ እጃችሁ ትመልሳላችሁ።

እናንተም መብት አላችሁ። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ደግሞ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም ከሚያገለግሏቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሰባት ዓመት ታላቅ ልጃችሁን ስለ ታናሹ ጉዳይ አታስተርጉሙት፤ ሸክሙን አይችለውም።

«ልጄን ቻይንኛ ወይም ስፓኒሽ ትምህርት ቤት ላስገባው? አማርኛው አይጠፋም?» ትሉኛላችሁ። ሕጻን ሦስት ቋንቋ መሸከም ይችላል። ግን ከላይ ከጠቀስኳቸው ትምህርት ቤቶች በአማርኛ የሚያስተምር የለም። አማርኛው የሚቆመው እናንተ ካቆማችሁት ነው፤ እራት ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ተረት ስትነግሩት። እንደ መምህር ለመሆን ብለን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምናወራው ይልቅ የጠራ አማርኛ ብናወራው ልጁ ብዙ ቃል፣ ብዙ ሐሳብ፣ ብዙ ታሪክ ይዞ ክፍል ይገባል። ሁለት ቋንቋ መስማት የልጅን አፍ አያዘገይም። ልጁ በሁለቱም ቋንቋ ከዘገየ ግን «ያድግና ይናገራል» ብላችሁ አትጠብቁ። ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ላሉ ልጆች ኧርሊ ስቴጅስ የሚባለው የከተማው የሕጻናት መመርመሪያ ማዕከል በነጻ ይመረምራል። ቻርተርም ሆነ የሰፈር ትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ አልቀበልም ማለት አይችልም።

ዕጣው ከወጣ በኋላ ስላለው ላክል። የደረሳችሁን ትምህርት ቤት በተቀጠረው ቀን ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ ካልተመዘገባችሁ ወንበሩን ታጣላችሁ። መመዝገባችሁ ከተጠባባቂ ዝርዝር አያሰርዛችሁም። ዝርዝሩ በበጋው ይንቀሳቀሳል፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላም ወንበር ይለቀቃል። ሲደወልላችሁ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ስለሚሆን ስልክ ቁጥር ከቀየራችሁ አሳውቁ፤ ከማታውቁት ቁጥር ሲደወልም አንሱ። ምንም ያልደረሳችሁ ደግሞ የልጃችሁ ዕድል ተዘጋ ብላችሁ እንዳታዝኑ። በዕጣ ማጣት የወላጅነት ጉድለት አይደለም። በየሰፈሩ ስማቸው ያልገነነ፣ ከልጅ ጋር ጎንበስ የሚሉ መምህራን የሞሉባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሂዱና እዩአቸው።

በመጨረሻ ከእናንተ ጋር መስማማት የምፈልገው በአንድ ሥራ ላይ ነው። ዕጣ ያሉትን ወንበሮች ያከፋፍላል እንጂ አንድ ጥሩ ወንበር አይጨምርም። ጥሩ ወንበር የሚጨምረው ዜጋ ሲጠይቅ ነው። የቻርተር ቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ተመዝግቦ ሊናገር ይችላል። በየሰፈሩ ያላችሁ ተደራጁ፤ ከመዝጊያው ቀን በፊት በቡድን ጎብኙ፤ እንግሊዝኛ የሚቀናው ለማይቀናው ይተርጉም፤ ያለፈበት ወላጅ ለአዲሱ ስም ብቻ ሳይሆን ያየውን ይንገረው። ዘንድሮ ከአገር ቤት ለመጣችው፣ ይህ ዕጣ መኖሩን እንኳ ላልሰማችው ጎረቤታችሁ ዛሬ ማታ ደውሉላት። ቀኑ ሳያልፍባት አብራችኋት ሙሉ።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።